ከኡራን ሠርግ መልስ

የሂካን የመጀመሪያ መኪና ያቃጠሉት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ጎማው ሲፈነዳ ተኩስ የመሰላቸው ቲማቲም ሻጮች ከነመደባቸው መሬት ላይ ተደፉ። ሂካ ሮጦ ሲደርስ እሳቱ በሹፌሩ በር በኩል ይንቦገቦጋል፤ መሪው ቀልጦ እንደ ሰም ወንበሩ ላይ ይንጠባጠባል። ልግባ ብሎ ሲንደረደር ሁለት ሰዎች ወገቡን ጨምድደው ያዙት። ከመንገዱ ማዶ አብዱራሺድ ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል። አልሸሸም፤ ፊቱንም አላዞረም። መኪናው ነድዶ አጽሙ ሲቀር ቀስ ብሎ ተሻገረና የሂካን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ፖሌ ዴሬቫ» አለው፤ አይዞህ ሹፌሩ እንደማለት ነው። «ብረት ነው፣ ይተካል። ዋናው ሰው አለመቃጠሉ ነው።»

ሂካ ትከሻ ላይ ያረፈው እጅ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

አብዱራሺድ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ያለው፣ እነሱ ስቴጅ የሚሉት፣ የማታቱ ሚኒባሶች መናኸሪያ ጌታ ነው። ተራ አስከባሪ ሆኖ ገባ፤ ውሎ አድሮ ተራውም፣ ሹፌሩም፣ መንገደኛውም የእሱ ሆነ። ሩንጉ የሚሉትን ራሱ ድቡልቡል ቆመጥ ይዘው የሚዞሩ ጎረምሶች አሉት። ተራ የዘለለ ሹፌር መስታወቱን፣ የተከራከረ ጥርሱን ያጣል። ሂካም ዓመታት ሙሉ አንገቱን ደፍቶ በዚያ ተራ እየጠበቀ ሶሎሎና ማርሳቢት ሲመላለስ ኖሯል።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የአስተማሪዎች ቡድን ለዕረፍት ቀን መኪናውን ለብቻው የተከራየ ጊዜ ነው። ከየደጃቸው ለቀማቸው፣ ወስዶ አዋላቸው፣ ከየደጃቸው መለሳቸው። መንገድ ላይ ሌላ ሰው አልጨመረባቸውም፤ ዘገያችሁ ብሎ ጥሩምባ አልነፋባቸውም። ከአስተማሪዎቹ የሰሙ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መጡ። ከመዘምራኑ የሰሙ ለቀስተኞች፣ ከለቀስተኞቹ የሰሙ ሠርገኞች ተከተሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም «ሂካን ያዙት» ይል ጀመር። ሂካም ስቴጅ መግባቱን ተወ። አብዱራሺድ ሁለት ጊዜ ሰው ላከበት፤ «ከሞያሌ የሚወጣ መንገደኛ በእኔ በር ነው የሚወጣው» አለው። በሦስተኛው ቤንዚን ላከ።

ከእሳቱ በላይ ሂካን ያቃጠለው ግን የዴኒስ ነገር ነው። ዴኒስ ከሜሩ በጫት መኪና መጥቶ ሞያሌ የቀረ፣ ለሂካ ረዳት ሆኖ ዓመታት የሠራ፣ ከአንድ ሳህን የበላ ጎረምሳ ነበር። አማርኛ ያስተማረው ሂካ ነው፤ ስድቡን ሳይቀር። መኪናው በተቃጠለ ሰሞን ዴኒስ ስቴጅ ውስጥ ሩንጉ ይዞ ታየ።

«ሥራ ነው እኮ» አለው ሂካን መንገድ ላይ ሲያገኘው። «አንተ መኪና የለህም። እኔ ደግሞ ሆድ አለኝ።»

የሂካ ሚስት የሳቢሪን ወንድሞች በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የሚነግዱ ሰዎች ነበሩና ከናይሮቢ ያረጀ ኒሳን ፈልገው አመጡለት። አንድ ቀን ሂካ ጋራዥ ውስጥ ከሥሩ ተኝቶ ሲጠግን የአብዱራሺድ ሰዎች ገብተው በእግሩ ጎትተው አወጡት። አንደኛው የግራ እጁን በመኪናው መርገጫ ላይ ዘረጋው፤ ሌላው በመዶሻ መታው። ጣቶቹ ሲሰበሩ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አሉ። እጁን ዘርግቶ፣ አንጓውን ጨምድዶ የያዘው ዴኒስ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ እጁን ግን አልለቀቀም።

ሁለቱ ጣቶች ጠማማ ሆነው ዳኑ። ጋራዡ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር፤ ያየ ሰው ግን አልተገኘም።

«እንሂድ» አለችው ሳቢሪን። «ኢሲዮሎ ዘመድ አለኝ። እዚያም መንገድ አለ፣ እዚያም መኪና ይነዳል።»

«አንዴ ተሰድጃለሁ» አላት። «ለአንድ ሰው አንዴ ይበቃዋል።»

ሂካ የተሰደደው ሕፃን ሳለ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ አባቱ የወታደር ልብሱን አውልቆ ጣለና ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ድንበር ተሻገረ፤ ዋልዳ የስደተኞች ሰፈር ገቡ። ሰፈሩ የሚግባባው በአማርኛ ነበርና ሂካም በአማርኛ አደገ። ዋልዳን ሲያነሱበት ትዝ የሚለው አቧራና የውሃ ወረፋ ነው። አንድ ቀን ወረፋው ላይ አንድ ሰው የአባቱን ጀሪካን በእግሩ ገፋ። አባቱ ሰውየውን በቡጢ ጣለው፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ተቀምጦ መታው፣ መታው፣ መታው። ሰፈሩ ተረባርቦ ነው ያላቀቀው። ልጁን ያስደነገጠው ደሙ አልነበረም፤ የአባቱ ፊት ነው። ያ ሰው ዋልዳ ከገባ ጀምሮ እንዲያ ደስ ብሎት ታይቶ አያውቅም።

ሂካ ካደገ በኋላ ሰው ላይ እጁን ያላነሳው በዚህ ነው። ስቴጅ ውስጥ ሲገፉትም ሲሰድቡትም ዝም ይላል። «ፈሪ» ይሉታል፤ አዎ፣ ፈሪ ነኝ ብሎ ያልፋል። የሚፈራው ግን እነሱን አልነበረም።

ጣቶቹ ገና ሳይጠኑ ማማ ካልቱማ ቤቱ መጡ። ካልቱማ በድንበሩ በሁለቱም በኩል ጨርቅ የሚሸጡ፣ ስልሳን የተሻገሩ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሴት ናቸው። ሴቶች በደስታም በሐዘንም የሚረዳዱበትን ቻማ የሚባል ማኅበር ይመራሉ። ከአባሎቹ የአንዷ ልጅ ኡራን በምትባል መንደር ስለምትዳር ማኅበሩ ሙሉውን መሄድ አለበት።

«ስቴጅ ጠይቀን ነበር» አሉ የአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። «ኡራን ማታቱ አይገባም፣ በሎሪ ሂዱ አሉን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከፍየል ጋር ተጭኜ ሠርግ ልሂድ?»

«ማማ፣ መንገዱ ለኒሳን ይከብዳል።»

«ስለ መንገዱ መች ጠየቅሁህ። ትወስደናለህ ወይስ አትወስደንም?»

«እጄን ያዩታል።»

«አየሁት። መሪ ይይዛል?»

ሂካ ጣቶቹን አጠፋቸው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ይይዛል» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔን ብቻ የሚተዉ አይምሰልዎ። አብራችሁኝ ከሄዳችሁ እናንተንም ሊነኩ ይችላሉ» አላቸው።

ማማ ካልቱማ ሳቁ። «አብዱራሺድን እናቱ ስትወልደው አጠገቧ ሆኜ እጇን የያዝኳት እኔ ነኝ። ይሞክረኝ እስቲ።»

በሩ ላይ የቆመችው ሳቢሪን አልሳቀችም። «ማማ፣ እጇን የያዙላት እናት ሞታለች» አለች። «እሱ አሁን የማንም ልጅ አይደለም።»

የሄዱት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሴቶቹ የሠርግ ልብሳቸውን አቧራ እንዳይነካው በአሮጌ ጨርቅ ሸፍነው፣ ለሙሽራዋ የገዙትን ምንጣፍና ድስት ጣሪያው ላይ አሳስረው ገቡ። የሙሽራዋ አብሮ አደግ ሻምሳ ዘፈን ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አስፋልቱን ለቀው ኮረኮንቹ ላይ ሲገቡ መኪናው እንደ ግመል ይወዛወዝ ጀመር። ዘፈኑ ግን አልተቋረጠም፤ መኪናው ድንጋይ ላይ ሲዘል ዜማውም አብሮ ይዘላል። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አሮጊቷ ኸይራ በየጉድጓዱ ላይ «አላህ ጎማህን ይጠብቅልህ!» እያሉ ሂካን ይመርቁታል።

ኡራን ማታቱ ሲገባ ማየት አልለመደችምና ሕዝቡ ከሙሽራው ይልቅ መኪናውን ሊያይ ወጣ። ሂካን ጥላ ሥር አስቀምጠው ወተትና ሥጋ አቀረቡለት። መኪናው ከተቃጠለ ወዲህ ጠግቦ የበላው ያን ዕለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹን ሲሰበስብ ሻምሳ እየሳቀች መጣች። «ረዳትህ የነበረው ልጅ፣ ያ የሜሩው፣ እዚህ ነበር እኮ። በሞተር ሳይክል መጣ። ሥጋ ሰጠሁት፣ በልቶ ሄደ።»

ሂካ መንገዱን አሻግሮ አየ። «ወዴት ሄደ?»

«በመጣበት። ወደ ሞያሌ።»

ለማማ ካልቱማ ነገራቸው፤ እዚሁ እንደር አላቸው። እሳቸው ግን ሴቶቹ ልጅና ከብት ጥለው የመጡ መሆናቸውን አስበው እምቢ አሉ። «ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት» አሉ። «በቀን ሴት የጫነ መኪና የሚነካ ወንድ እዚህ አገር አልተወለደም።»

ተወልዶ ነበር።

ደረቁ ወንዝ ጋ ሲደርሱ መሻገሪያው ላይ እሾህና ድንጋይ ተከምሮ አገኙ። ሂካ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ሁለት ሞተር ሳይክሎች ከኋላው መጥተው መንገዱን ዘጉት። የመጀመሪያው ድንጋይ የፊቱን መስታወት አረገፈው። ሁለተኛው በጎን መስኮት ገብቶ የኸይራን ግንባር መታ። አሮጊቷ ድምፅ አላሰሙም፤ ነጩ ሻሻቸው ብቻ ቀስ እያለ ቀላ።

ጎረምሶቹ ከወንዙ ዳር እየተንደረደሩ ወረዱ። ሩንጉ የያዘ አለ፤ ፓንጋ የሚሉትን ረጅም ገጀራ የያዘ አለ። ባለፓንጋው የፊቱን ጎማ ቀደደው። ሌሎቹ በሩን ገንጥለው ሴቶቹን በፀጉራቸው፣ በልብሳቸው እየጎተቱ አሸዋው ላይ ይጥሏቸው ጀመር።

«ውረዱ! የምንፈልገው እናንተን አይደለም፣ መኪናዋን ነው!»

«እኔ አልወርድም» አሉ ማማ ካልቱማ። «አንተን አውቅሃለሁ። የማን ልጅ እንደሆንክም አውቃለሁ።»

ጎረምሳው ክንዳቸውን በሩንጉ መታቸው። ሂካ ያን የአጥንት ድምፅ ያውቀዋል።

እስከዚያ ድረስ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ነበር። መነሳት አቅቶት አይደለም፤ ከተነሳ ምን እንደሚሆን ስላላወቀ ነው። ከዚያ ቤንዚን ሸተተው። በጎን መስተዋቱ ሲያይ ዴኒስ ጀሪካን ይዞ የመኪናውን ጎን ያርከፈክፋል። ኸይራ ገና ውስጥ ናቸው፤ ወንበራቸው ላይ ተዘርረዋል።

«ዴኒስ! ሰው አለ ውስጥ!»

ዴኒስ ቀና ብሎ አየው። «አሮጊቷን አውርዷት!» ብሎ ጓደኞቹ ላይ ጮኸ፤ ማርከፍከፉን ግን አላቆመም። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፣ እጁ ሥራውን ቀጠለ።

ሂካ ከወንበሩ ሥር የጎማ መፍቻውን ብረት አወጣ።

መጀመሪያ ያገኘው ባለፓንጋውን ነው። በሩን በርግዶ ሲወርድ ክርኑን መታው፤ ፓንጋው አሸዋ ላይ ወደቀ፣ ሰውየው ክንዱን ታቅፎ እየጮኸ ሮጠ። ሴቶቹ ያን ሲያዩ ተነሱ። አሸዋ እየዘገኑ ዓይን ላይ ይበትናሉ፤ ድንጋይ ይወረውራሉ። አንዷ የሠርግ ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ የአንዱን ፊት ትወቅጣለች። ሌላዋ የአንዱን ጆሮ በጥርሷ ይዛ አልለቅም ብላለች። አፉን በድንጋይ የተመታ ጎረምሳ ጥርሱን እየተፋ ወደ ሞተር ሳይክሉ ዳኸ። ሴት ትጮሃለች እንጂ ትማታለች ብለው ስላልመጡ ቶሎ ተበተኑ። ሞተሮቹ አቧራ አስነስተው ጠፉ።

ዴኒስ ግን አላመለጠም። ሂካ ደርሶበት ነበር።

የመጀመሪያው ምት ጉልበቱ ላይ አረፈ። ዴኒስ ወደቀ፣ የጀሪካኑ ቤንዚን ላዩ ላይ ተደፋ። እጁን ዘርግቶ «ሂካ፣ ወንድሜ፣ ተው» አለ፣ ሂካ ባስተማረው አማርኛ። ሁለተኛው ምት የተዘረጋውን እጅ ሰበረ። የሚቀጥለው አፉን አገኘው። ከዚያ ወዲያ የቆጠረ የለም። ብረቱ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ እየረጠበ ሄደ። ሂካ ደስ ብሎታል። ክንዱ ቀለለው፣ ደረቱ ተከፈተለት፤ የነደደው መኪና፣ የተቀጠቀጡት ጣቶች፣ ዓመታት ሙሉ የዋጠው ስድብ ሁሉ በብረቱ ጫፍ ወጣለት። በዚያ መሀል የራሱን ፊት ሳያየው አወቀው። ውሃ ወረፋው ላይ ያየው ፊት ነው። አውቆትም አላቆመም።

ሻምሳ ሮጣ መጥታ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። «ይሞታል! ሂካ፣ ሞተ እኮ!» ሂካ አሽቀንጥሮ ወረወራት። ከድንጋይ ጋር ስትጋጭ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ የፊት ጥርሷ ወለቀ። እሱ ይህን አላየም፤ በኋላ ሰዎች ናቸው የነገሩት።

ያስቆሙት ማማ ካልቱማ ናቸው። የተሰበረ ክንዳቸውን በደህናው እጃቸው ደግፈው መጡና፣ ቤንዚንና ደም በነከረው ልጅ ላይ ተጋደሙበት።

«በል፣ እኔን አስቀድም» አሉት።

ብረቱ ከራሱ በላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ሂካ የሴትዮዋን ሽበት አየ፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፊት አየ። ብረቱ ከእጁ ሾልኮ ወደቀ። አሸዋው ላይ ተንበርክኮ የሠርጉን ሥጋ ሁሉ አስታወከው።

«እዚሁ እንተወው፣ ጅብ ይብላው» አለች አንዷ። የተቃወመ አልነበረም።

ሂካ አፉን ጠርጎ ተነሳ። «ጫኑት» አለ። ማንም ስላልተንቀሳቀሰ ራሱ ጎንበስ ብሎ ዴኒስን በብብቱ አነሳውና ወለሉ ላይ፣ በወንበሮቹ መካከል አስተኛው። የተቀደደውን ጎማ በጠማማ ጣቶቹ ቀየረ። መኪናው በቤንዚን ስለራሰ ሞተሩን ሲያስነሳ ሁሉም ወደየአምላኩ ጸለየ። መስታወት በሌለው ፊት በኩል ነፋስና አቧራ ዓይኑን እየገረፈው ነዳ። የሚዘፍን የለም። ከኋላው የሚሰማው የዴኒስ ትንፋሽ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚተነፍስ ሰው ይንኮረኮራል። ትንፋሹ ሲቋረጥበት ሂካ ነዳጁን ይረግጣል፤ ሲቀጥል እግሩን ያነሳል። የሚፈልገው እንዲተርፍለት ይሁን እንዲሞትለት፣ መንገዱን ሙሉ አላወቀም።

የሞያሌ ሆስፒታል በር ላይ ፖሊሶች ደርሰው «ይህን ያደረገ ማነው?» ሲሉ ሂካ «እኔ ነኝ» አለ።

«ሊያቃጥሉን ነበር! አድኖን ነው!» ብለው ማማ ካልቱማ ከቃሬዛቸው ላይ ሆነው ጮሁ።

«መጀመሪያ ላይ ለእናንተ ነበር፣ ማማ» አላቸው ሂካ እጁን ለካቴና እየዘረጋ። «ከዚያ ወዲያ ያለው የራሴ ነው።»

ኸይራ ከቀናት በኋላ ዐረፉ። ወንዶቹ ሬሳቸውን ተሸክመው ወደ መቃብር ሲወጡ ሴቶቹ ወደ ስቴጁ ወረዱ። ማማ ካልቱማ ክንዳቸው በጀሶ ታስሮ ከፊት ይሄዳሉ፤ ከኋላ ጨርቅ ሻጯ፣ ወተት ሻጯ፣ የቤት እመቤቷ፣ ክርስቲያኗም እስላሟም ዱላ ይዛ ትከተላለች። የስቴጁ ጎረምሶች ሩንጉ ይዘው ተሰለፉ። አንደኛው የገዛ እናቱን ከሰልፉ መሀል ሲያያት ሩንጉውን ጥሎ ሸሸ። የቀሩት የፊተኞቹን ሴቶች ራስ ራሳቸውን አሏቸው፤ ከኋላ ያሉት ግን የወደቁትን እየተሻገሩ መጡ። የስቴጁን ቆርቆሮ ቤት ከነምሰሶው ነቀሉት። አብዱራሺድን ከጠረጴዛ ሥር ጎትተው አወጡት፤ በዱላ፣ በጫማ፣ በጥፍር ተረባረቡበት። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ባይበትናቸው ኖሮ ከዚያ በሕይወት አይወጣም ነበር። በቃሬዛ ነው የወሰዱት። ሂካ ተኩሱን ከታሰረበት ክፍል ሆኖ ሰማ።

ዴኒስ አልሞተም። አፉ መንቀሳቀስ ሲችል መጀመሪያ የተናገረው የላኩትንና አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም ነው።

እናቱ ከሜሩ መጡ። ሞያሌ ውስጥ አንድም ሰው ስለማያውቁ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ያድሩ ነበር። ሳቢሪን ለባሏ ስንቅ ስታመላልስ አየቻቸው። ማን እንደሆነች ሳትነግራቸው ጠዋት ጠዋት ገንፎ ትወስድላቸው ጀመር። አንድ ቀን የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ የማን ሚስት እንደሆነች ነገረቻቸው። በማግስቱ ሳቢሪን ሳህኑን ስታቀብላቸው ተቀብለው ፊቷ ላይ ደፉት። ትኩስ ነበር፤ ጉንጯ እስከ አንገቷ ተላጠ። ሳቢሪን በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ፣ ሳህኑን ከመሬት አንስታ ሄደች። በማግስቱም ገንፎ ይዛ መጣች።

ሴትዮዋ ሳህኑን ተቀበሉ። «ልጄ ልጅ ሳለ ዶሮ ሲታረድ የሚያለቅስ ነበር» አሉ በስዋሂሊ።

«ባሌም» አለች ሳቢሪን።

ፍርድ ቤት ሲቀርቡ እናትየው ልናገር ብለው ተነሱ። «ልጄ ሰው ሊያቃጥል ሄዷል። ለዚያ ፍረዱበት» አሉ። «ቆሞ ሳለ የተመታውን አልጠይቅም። ወድቆ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ተው ካለ በኋላ የተመታውን ነው የምጠይቀው።»

ዳኛው ሂካን የምትለው አለህ ወይ ብለው ጠየቁት።

«ልክ ናቸው» አለ።

አብዱራሺድና ሰዎቹ ብዙ ዓመት ተፈረደባቸው፤ ዴኒስ በመናገሩ ቀለለለት። ለሂካ ሴቶቹ ሁሉ መስክረውለት ቅጣቱ አጭር ሆነ። ሁለቱ የታሰሩት አንድ እስር ቤት ነው። አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የዴኒስ አገጭ ተጣሞ ገጥሟል፤ የአንድ ዓይኑ ስፍራ ቆዳ ብቻ ነው።

«ጣትህ ዳነ?» አለው በአማርኛ። ቃሉ በተሰበሩ ጥርሶቹ መሀል ያፏጫል።

«ጠማማ ነው።»

ዴኒስ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ የሚል መስሎት ሂካ ቆመ፤ እሱ ግን እያነከሰ ሄደ። ሂካ ቅጣቱን ጨርሶ እስኪወጣ ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ሲፈታ ኒሳኑ አዲስ መስታወት ገብቶለት ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ዕረፍት እንኳ ሳያደርግ ማማ ካልቱማ መጡ። «ቦሪ መንደር ለቅሶ አለብን። ተነስ» አሉት። ሴቶቹ እንደ ድሮው ተሰበሰቡ፤ ሰላም አሉት፣ ከስተሃል አሉት፣ እየተገፋፉ ገቡ። ሻምሳ ብቻ መንገዱ ዳር ቆማ ቀረች። የታችኛው ከንፈሯ ላይ ጠባሳ አለ፤ ስትናገር የጥርሷ ክፍተት ይታያል።

«ግቢ እንጂ» አሏት ማማ ካልቱማ።

«እኔ በሎሪ እመጣለሁ።»

«ከእስር ቤት ድረስ ሰው ልኮ ይቅርታ ጠይቆሽ የለም እንዴ? ይቅር ብዬዋለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ይቅርማ ብዬዋለሁ፣ ማማ» አለች ሻምሳ። «መሳፈር ሌላ ነው።»

ሴትዮዋ ሊቆጧት አፋቸውን ሲከፍቱ ሂካ በመስኮቱ «ተዉአት» አለ። ወደ ሻምሳ ማየት ፈልጎ አልቻለም። ሞተሩን አስነሳ።

መንገድ ላይ ፍየል የጫነ ሎሪ ከኋላቸው ደርሶ ቀደማቸው። ሻምሳ ከላይ፣ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሻሿን አፍና አፍንጫዋ ላይ አስራ ቆማለች። አቧራው ኒሳኑን ሸፈነው፤ አየሩ እስኪጠራ ድረስ ሂካ ቀስ ብሎ ነዳ።

ቦሪ ሲደርሱ ቀድማቸው ደርሳ ለለቀስተኛው ውሃ ታድላለች። ወንዶቹ ጥላ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ በተራ በተራ እየሰጠች ሂካ ጋ ደረሰች። ኩባያውን ሞልታ ዘረጋችለት። በጠማማ ጣቶቹ ተቀብሎ ጠጣ። እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው፤ ከዚያ ኩባያውን ተቀብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።